የፒሲኤል ስካፎልድ እንዴት ይሟሻል? ፕላስቲኩ ሴል እንዲይዝ የማድረግ አሠራር

አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም። መጀመሪያ ይሟሻል። እሳት ይነድበታል፣ በጎመን ዘር ይታሰሳል፣ እንደገና ይታሰሳል። ሸክላው ያው ሸክላ ነው። የተለወጠው እንጀራው የሚነካው ስስ ገጽ ብቻ ነው። ያ ገጽ ካልተለወጠ ግን እንጀራው ይያያዛል፤ ሊጡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ሥራ ከማሟሸት ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ እኛ እንዲጣበቅልን መፈለጋችን ነው። የሚጣበቀው ሴል ነው፤ ምጣዱ ደግሞ ፖሊመር ስካፎልድ።

ስካፎልድ ሴሎች ተይዘው የሚያድጉበት፣ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ መዋቅር ነው። ለግንበኛ መወጣጫው እንደሚያገለግለው ለሴሎቹ ያገለግላል። ሕብረ ሕዋሱ ራሱን ሲችል ቀስ በቀስ ሟምቶ ይጠፋል። ለዚህ መመሪያ የመረጥኩት ፖሊካፕሮላክቶንን ነው፤ በአጭሩ ፒሲኤል ይባላል። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ በስሪዲ ፕሪንተር ማተም ቀላል ነው። አይሰባበርም። ሰውነት ውስጥ ለመሟሟት 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ እንደ አጥንት ላለ ዘገምተኛ ሥራ ይመቻል። ችግሩ አንድ ነው። ውሃ ይገፋል፤ ሴል የሚጨብጠውም ነገር ገጹ ላይ የለም።

ሴል ፕላስቲኩን በቀጥታ አይነካም። ስካፎልዱ የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ እንደገባ ወዲያው ፕሮቲን ይለብሳል። ሴሉ የሚይዘው ያንን ፕሮቲን ነው። ውሃ በሚገፋ ገጽ ላይ ፕሮቲኑ ይለጠፍ ይሆናል፤ ግን ቅርጹ ይበላሻል፣ መያዣ ቦታውም ይደበቃል። በፈረንጆቹ 1984 ፒርሽባከር እና ሩዎስላህቲ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ። ፋይብሮኔክቲን የተባለው ግዙፍ ፕሮቲን ላይ ሴል የሚይዘው ቦታ እጅግ አጭር ነው። ዋናው ክፍሉ አርጂኒን፣ ግላይሲን እና አስፓርቲክ አሲድ ናቸው፤ ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ። ጄላቲን ከኮላጅን ስለሚሠራ ይህን ቅደም ተከተል ይዟል። ዋጋውም አይጎዳም። ስለዚህ መንገዳችን እንዲህ ነው፤ የፒሲኤሉን ገጽ በኮስቲክ ሶዳ እንከፍተዋለን፣ ከዚያ ጄላቲን እንተክልበታለን።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የስካፎልድ ገጽ ማለት ከውጭ የሚታየው ብቻ አይደለም። አብዛኛው ገጽ ውስጥ ነው፤ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ። እኔ መጀመሪያ የሠራኋቸው ናሙናዎች ከላይ ሲታዩ ያምሩ ነበር። የውሃ ጠብታ ሳስቀምጥባቸው ወዲያው ትሰርጋለች። ሴል ዘርቼ በ7ኛው ቀን አንዱን በምላጭ ለሁለት ስቆርጠው ግን መሃሉ ባዶ ነበር። ሴሎቹ ላይኛው ፊት ላይ እንደ ቆዳ ተነጥፈዋል። ምክንያቱ ቀዳዳው ውስጥ ታፍኖ የቀረ አየር ነበር። ኬሚካሉ ውስጥ ድረስ አልገባም፤ ስለዚህ ውስጡ አልተሟሸም። ከዚያ ወዲህ ሳልቆርጥ የማምነው ናሙና የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ናሙናው ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የታተመ ክብ ስካፎልድ ነው እንበል። ክሮቹ 0.3 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም በዚያው ልክ ነው። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ መሆን አለባቸው። እንደ እንጀራ ዓይን ከላይ ተከፍተው ከታች የተደፈኑ ከሆኑ ምንም ኬሚካል አያድናቸውም፤ ንድፉን መልሳችሁ ሥሩ።

አራት ቡድን አዘጋጁ። አንደኛው ምንም ያልተነካ ፒሲኤል። ሁለተኛው በኮስቲክ ሶዳ ብቻ የታከመ። ሦስተኛው በኮስቲክ ሶዳ ታክሞ ጄላቲን የተነከረ፣ ግን ማያያዣ ኬሚካል ያልገባበት። አራተኛው ሙሉውን መንገድ የሄደ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምፈልገው እሱን ነው። ጄላቲኑ በእርግጥ ተተክሎ እንደሆነ ወይስ ዝም ብሎ ተለጥፎ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን 13 ናሙና ይበቃል። 9ኙ ለሴል ነው፤ ለሦስት የመለኪያ ቀን ሦስት ሦስት። 4ቱ ደግሞ ለሚዛን፣ ለቀለም እና ለምላጭ።

ከናሙናዎቹ ጎን ለጎን ጥቂት ጠፍጣፋ የፒሲኤል ፊልም ሥሩ። ትንሽ ፒሲኤል የማይክሮስኮፕ ስላይድ ላይ አድርጋችሁ 80 ዲግሪ ላይ አቅልጡትና አቀዝቅዙት። የሚያስፈልግበትን ምክንያት ወደ በኋላ ታዩታላችሁ። ፊልሙ በየደረጃው ስካፎልዱ ያለፈበትን ሁሉ ይለፍ።

ጓንት እና የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋል። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

ማጠብ እና አየሩን ማስወጣት

ናሙናዎቹን 70 ከመቶ ኢታኖል ውስጥ ለ30 ደቂቃ እያንቀሳቀሳችሁ እጠቡ። ከማተሚያው የመጣ ቅባት እና የእጅ ወዝ ይወጣል። አሴቶን እና ክሎሮፎርም አታስጠጉ፤ ፒሲኤሉን ያበላሹታል። ማድረቅ ካስፈለገ በክፍል ሙቀት ይሁን። ቶሎ ይድረቅልኝ ብላችሁ 60 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ብታስገቡት የምታወጡት የቀለጠ ጠፍጣፋ ነገር ነው። በየናሙናው የደረቅ ክብደት መዝግቡ።

አሁን አየሩን ማስወጣት ነው። ቫኪዩም ፓምፕ ያለው ሰው ናሙናውን ኢታኖል ውስጥ አድርጎ ደሲኬተር በተባለው አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ በቀስታ ይሳብ፤ በኃይል ከሳበ ኢታኖሉ ራሱ ይፈላል። ፓምፕ ከሌለ 20 ሚሊ ሊትር መርፌ ይበቃል፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ተራው ስሪንጅ። መግፊያውን አውጡና ስካፎልዱን አስገቡ። መግፊያውን መልሱ፣ 70 ከመቶ ኢታኖል ሳቡበት፣ ከላይ ያለውን አየር ግፉት። ከዚያ ጫፉን በጓንት ጣታችሁ ድፈኑና መግፊያውን ወደ ኋላ ጎትቱ። አረፋ ከስካፎልዱ ውስጥ ሲንፎለፎል ታያላችሁ። ልቀቁት። መታ መታ አድርጉት፣ አረፋውን አስወጡ፣ ድገሙት። አረፋ መውጣቱ እስኪቆም አራት አምስት ጊዜ ይፈጃል። በደንብ የጠጣ ስካፎልድ ኢታኖሉ ውስጥ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ አየር ያለበት ግን አንድ ጎኑ ብድግ ይላል።

ከዚያ ኢታኖሉን ደረጃ በደረጃ በውሃ ተኩ። መጀመሪያ 50 ከመቶ፣ ቀጥሎ 25 ከመቶ፣ በመጨረሻ ንጹሕ የተጣራ ውሃ፤ በየደረጃው 10 ደቂቃ። ከዚህ በኋላ እስከ ሴሉ ድረስ ናሙናው መድረቅ የለበትም። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ስታሻግሩ በወረንጦ ጠርዙን ይዛችሁ፣ ፈጠን ብላችሁ አሻግሩ። ከደረቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ የመርፌውን ሥራ እንደገና መጀመር ነው። ለሚዛን የመደባችኋቸው ናሙናዎች ብቻ ይድረቁ፤ እነሱ ለሴል አይመለሱም።

ገጹን በኮስቲክ ሶዳ መክፈት

1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አዘጋጁ፤ የኮስቲክ ሶዳ የኬሚስትሪ ስሙ ነው። 4 ግራም ፍሬ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ፍሬውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ፍሬው ላይ አታፍስሱ። ይግላል፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የፕላስቲክ ዕቃ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሶዳው ብርጭቆን በጊዜ ብዛት ይበላል።

ፒሲኤል የተሠራው በኤስተር ትስስሮች ነው። ሶዳው ገጹ ላይ ያሉትን ትስስሮች ይቆርጣል። በተቆረጡበት ጫፍ በአንድ በኩል ካርቦክሲል፣ በሌላ በኩል ሃይድሮክሲል የተባሉ የአቶም ስብስቦች ይበቅላሉ። ሁለቱም ውሃ ይወዳሉ። ካርቦክሲሉን ደግሞ በኋላ ጄላቲን ለመትከል እንጠቀምበታለን። በተጨማሪ ገጹ በትንሹ ይሻክራል፤ ያም ለሴል ይረዳል።

ለእያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ 5 ሚሊ ሊትር ሶዳ ይድረሰው። ሼከር ላይ በቀስታ ይወዛወዝ። ስንት ሰዓት? ለ0.3 ሚሊ ሜትር ክር በክፍል ሙቀት 2፣ 6 እና 24 ሰዓት ሞክሩና የራሳችሁን ምረጡ። እኔ የምመራው በሚዛን ነው። ክብደቱ ከመቶ 2 በላይ መቀነስ ሲጀምር ከገጽ አልፌ ሥጋውን እየበላሁ ነው ብዬ አቆማለሁ። በኤሌክትሮስፒኒንግ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል በመፍተል፣ የተሠራ ስስ ክር የያዘ ሰው ግን በጣም ይጠንቀቅ። እዚያ ክሩ ከማይክሮ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከ15 ደቂቃ ይጀምር፤ 24 ሰዓት ቢተወው ጠዋት የሚያገኘው ድቃቂ ነው።

ቀጥሎ ያለው እጥበት ከሶዳው የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ሶዳ ቀስ እያለ ይወጣና ከቀናት በኋላ ሴል ይገድላል። ሴሉ ሲሞት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ቁሱን ነው። አምስት ጊዜ በተጣራ ውሃ እጠቡ፣ በየመሃሉ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ስካፎልዱን መርፌው ውስጥ አድርጋችሁ ውሃውን ወዲያና ወዲህ ብትገፉት ውስጡ ይታጠባል። የመጨረሻውን ውሃ አሳድሩት። ጠዋት ፒኤቹን በወረቀት ለኩና ካልተነካ የተጣራ ውሃ ጋር አወዳድሩ። ከ7 ጋር አታወዳድሩ። የተጣራ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ከ7 በታች ነው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ እጥበቱ አልቋል።

ጠብታዋ እና ሰማያዊው ቀለም

አሁን ፊልሙ ሥራ አገኘ። 5 ማይክሮ ሊትር ውሃ በፒፔት ጣል አድርጉበትና ከጎን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስልኩ ከፊልሙ ጋር ትክክል ይሁን፤ ከኋላ ነጭ ወረቀትና መብራት ይኑር። ጠብታዋ ከፊልሙ ጋር የምትሠራውን ማዕዘን ኢሜጅጄ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር መለካት ይቻላል። ያልተነካ ጠፍጣፋ ፒሲኤል 80 ዲግሪ አካባቢ ይሰጣል። ከታከመ በኋላ በግልጽ መውረድ አለበት።

ይህን ልኬት ስካፎልዱ ራሱ ላይ አታድርጉት። ጠብታዋ ከክር ወደ ክር ተንጠልጥላ ስለምትቆም ማዕዘኗ ስለ ኬሚስትሪው ሳይሆን ስለ ክፍተቱ ነው የሚናገረው። በስስ ክር ንጣፍ ላይም ያው ፒሲኤል ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሰጥ ይታያል። ቁሱ አልተለወጠም፣ ቅርጹ እንጂ። ስካፎልዱ ላይ የሚለካው ጊዜ ነው። ከሚዛን የተመለሰ ደረቅ ናሙና ላይ ጠብታዋን አስቀምጡ፤ በስንት ሰከንድ ሰረገች?

ውስጡን ለማየት ቶሉዲን ብሉ የተባለው ቀለም አለ። በአልካላይ ፈሳሽ ውስጥ ካርቦክሲልን ፈልጎ ይይዛል። 0.1 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሥሩ፤ ከ1 ሞላሩ 0.1 ሚሊ ሊትር ወደ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ፒኤቹ 10 መሆኑን አረጋግጡ። 15 ሚሊ ግራም ገደማ ቀለም ከዚህ ፈሳሽ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አሟሙ። ናሙናውን ለ5 ሰዓት ንከሩ። ከዚያ ቀለም በሌለው ያው ፒኤች 10 ፈሳሽ፣ ፈሳሹ እስኪጠራ ድረስ እጠቡ። አሁን በአዲስ ምላጭ መሃል ለመሃል ቁረጡት። ምላጩ ክሩን እየደፈጠጠ ካስቸገረ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክሮ መስበር ይቻላል። የቤት ፍሪዘር ግን አይረዳም፤ ፒሲኤል እንደ ብርጭቆ የሚጠነክረው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እዚያ እንደ ላስቲክ እንደሆነ ይቀራል።

የተቆረጠውን ፊት እዩ። ከጠርዝ እስከ መሃል እኩል ሰማያዊ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ዙሪያው ሰማያዊ ሆኖ መሃሉ ነጭ ከሆነ አየሩ አልወጣም። ወደ መርፌው ተመለሱ። ቁጥር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቀለሙን በ50 ከመቶ አሴቲክ አሲድ አውጡና በስፔክትሮፎቶሜትር 633 ናኖ ሜትር ላይ አንብቡ። ቀለም የነካው ናሙና ይጣል።

ጄላቲኑን መትከል

ማያያዣው ኢዲሲ የተባለ ኬሚካል ነው፤ ረዳቱ ደግሞ ኤንኤችኤስ። ኢዲሲ የገጹን ካርቦክሲል ያነቃቃል። የነቃው ካርቦክሲል የጄላቲኑን አሚን (ናይትሮጅን ያለበትን ጫፍ) ሲያገኝ ጠንካራ ትስስር ይፈጥራል። ኤንኤችኤስ የነቃው ጫፍ ቶሎ እንዳይከስም ያቆየዋል።

የኢዲሲ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እንዳወጣችሁት አትክፈቱት። ክፍሉን እስኪመስል ጠብቁ። በብርድ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ይወርዳል፣ ኬሚካሉም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ብዙ ያልተሳካ ሥራ መነሻው ይህች ችኮላ ነች።

0.1 ሞላር የኤምኢኤስ ባፈር ሥሩ (ባፈር ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዝ ፈሳሽ ነው)፤ 1.95 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር፣ ፒኤች 5.5። ናሙናዎቹን በዚህ ባፈር ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ልትጠቀሙ ስትሉ ብቻ በ20 ሚሊ ሊትር ባፈር ውስጥ 192 ሚሊ ግራም ኢዲሲ እና 58 ሚሊ ግራም ኤንኤችኤስ አሟሙ። ይህ 50 እና 25 ሚሊ ሞላር ይሰጣችኋል። ናሙናዎቹን ለ30 ደቂቃ አቆዩበት። ትሪስ ወይም ግላይሲን ያለበት ባፈር እዚህ አይገባም። የነሱ አሚን የጄላቲኑን ቦታ ይወስዳል። አሴቴት ደግሞ የራሱ ካርቦክሲል ስላለው ኢዲሲውን ይጨርሰዋል።

ጄላቲኑን ቀድማችሁ አዘጋጁ። 1 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ፒቢኤስ በተባለው የጨው ባፈር፣ ፒኤች 7.4። መጀመሪያ በቀዝቃዛው ፈሳሽ 15 ደቂቃ ይርጠብ፣ ከዚያ እስከ 45 ዲግሪ እያሞቃችሁ አማስሉት። ሲጠራ ወደ 30 ዲግሪ አውርዱት።

30 ደቂቃው ሲያልቅ የኢዲሲውን ፈሳሽ ድፉ። በቀዝቃዛ ኤምኢኤስ አንዴ ብቻ ለቅለቅ አድርጉና ሳትዘገዩ ወደ ጄላቲኑ አስገቡ። "ኢዲሲውን እና ጄላቲኑን አብሬ ብጨምር ምን አለበት?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ጄላቲን ራሱ አሚንም ካርቦክሲልም አለው። ኢዲሲ አብሮ ካለ ጄላቲኑ እርስ በርሱ ይተሳሰርና ቀዳዳውን እንደ አጥሚት ይደፍነዋል። ሁለቱን ደረጃ መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በ30 ዲግሪ እየተወዛወዘ ከ4 ሰዓት እስከ ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ ያላችሁ ከሆነ ቀን ላይ ሠርታችሁ በ4 ሰዓት ጨርሱት። ሌሊት ኢንኩቤተሩ ቢጠፋ ጄላቲኑ በብርድ ሊረጋ ይችላል፤ ጠዋት ጄሊ ውስጥ የተቀበረ ስካፎልድ ታገኛላችሁ። እንዲያ ከሆነም አትጣሉት። አሙቁትና ቀጥሉ።

እጥበቱ 40 ዲግሪ በሞቀ ፒቢኤስ ይሁን፤ አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ። በቀዝቃዛ ካጠባችሁ ያልተያያዘው ጄላቲን አይሟሟም። እዚያው ተቀምጦ የተተከለ ይመስላችኋል፤ ኋላ 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ሲገባ ከነሴሉ ይወርዳል።

ማረጋገጫው ኩማሲ ብሉ ነው፤ ፕሮቲንን ሰማያዊ ያደርጋል። ሦስተኛውን እና አራተኛውን ቡድን አብራችሁ ቀለም አስነኩ፣ እጠቡ፣ ቁረጡ። አራተኛው በግልጽ ጠቆር ካላለ ማያያዣው አልሠራም፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያ የኢዲሲ ጠርሙስ ነው። ኤፍቲአይአር የተባለው የኢንፍራሬድ መለኪያ የሚደርሳችሁ ከሆነ 1650 እና 1540 አካባቢ የፕሮቲን ምልክቶችን ፈልጉ። የፒሲኤሉ ትልቁ ጫፍ ከ1720 ከፍ ብሎ ይቆማል። ንብርብሩ ስስ ስለሆነ ምልክቱ ደካማ ቢሆን አትደንግጡ።

ሌሎች መንገዶች

ኢዲሲ ካልተገኘ ፖሊዶፓሚን ጥሩ አማራጭ ነው። ሐሳቡ የመጣው ሙስል ከተባለው የባሕር እንስሳ ነው። ማዕበል እየመታው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። የሜሰርስሚዝ ቡድን በፈረንጆቹ 2007 የማጣበቂያውን ኬሚስትሪ ተከትሎ ማንኛውንም ገጽ ለማለት ይቻላል በዶፓሚን መሸፈን እንደሚቻል አሳየ። አሠራሩ ያስደንቃል፤ 10 ሚሊ ሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 8.5፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ዶፓሚን ሃይድሮክሎራይድ። ዕቃው ክፍት ይሁን፤ ኦክስጅን ይፈልጋል። ፈሳሹ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቡናማ፣ በኋላ ጥቁር ይሆናል። ከ4 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። አየሩን ማስወጣት እዚህም አይቀርም። ደግሞ ናሙናው ዕቃው ወለል ላይ አይተኛ፤ በክር አንጠልጥሉት። ጥቁሩ ዝቃጭ ከላይ እየወረደ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከታጠበ በኋላ ጄላቲን ያለ ማያያዣ ይይዝለታል።

ፕላዝማ (የደሙ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የነቃው ጋዝ) ደግሞ ፈጣን ነው፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ለስስ ንጣፍ እመርጠዋለሁ። ለ3 ሚሊ ሜትር ስካፎልድ ግን ወደ ውስጥ ሲሄድ ይደክማል። ደግሞም ገጹ ከቀናት በኋላ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ፕላዝማ የነካውን በዚያው ቀን ተጠቀሙበት።

ከጀርም ማጽዳት እና ሴል መዝራት

አውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት የሚያጸዳው መሣሪያ፣ አይታሰብም፤ 121 ዲግሪ ነው፣ ፒሲኤል በ60 ይቀልጣል። ላብራቶሪ ውስጥ ለሚደረግ የሴል ሙከራ 70 ከመቶ ኢታኖል ለ30 ደቂቃ፣ ከዚያ በስቴራይል ፒቢኤስ ደጋግሞ ማጠብ ይበቃል። ዩቪ መብራት ብቻውን አያስተማምንም፤ ክሮቹ እርስ በርስ ይከላለላሉ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አይጸዳም። ኢታኖል የባክቴሪያ ስፖርን ስለማይገድል እንስሳ ላይ ለሚተከል ሥራ ኤቲሊን ኦክሳይድ ወይም ጋማ ጨረር ያስፈልጋል። ያኔ ማጽዳቱ ጄላቲኑን ምን እንዳደረገው እንደገና መፈተሽ አለባችሁ።

ከመዝራታችሁ በፊት ናሙናዎቹ ሴረም ባለበት ሚዲያ (የሴል ማሳደጊያው ፈሳሽ) 37 ዲግሪ ላይ ይደሩ። የምትዘሩበት ባለ ጉድጓድ ፕሌት ሴል የማይዝ ዓይነት ይሁን፤ ከሌለ የጉድጓዱን ወለል በአጋሮዝ ሸፍኑት። ትርፉን ፈሳሽ ከስካፎልዱ በቀስታ ምጠጡ፣ ግን አታድርቁት። ሴሎቹን በትንሽ ፈሳሽ፣ 40 ማይክሮ ሊትር ያህል፣ መሃሉ ላይ ጣሉ። 2 ሰዓት ኢንኩቤተር ውስጥ ይቆዩ። ከዚያ ሚዲያውን በጉድጓዱ ጠርዝ በኩል በቀስታ ጨምሩ።

በ1ኛው፣ በ3ኛው እና በ7ኛው ቀን ሬሳዙሪን በተባለው ቀለም ለኩ። ሕያው ሴል ሰማያዊውን ወደ ሮዝ ይለውጠዋል። ከመለካታችሁ በፊት ስካፎልዱን ወደ አዲስ ጉድጓድ አዛውሩ። ካላዛወራችሁ የምትለኩት ወለሉ ላይ የወደቁትንም ነው፤ ያልታከመው ናሙና ከታከመው እኩል ሆኖ ይታያችኋል። የቀድሞውን ጉድጓድም ለብቻው ለኩት። ስንቱ እንደተያዘ፣ ስንቱ እንደወደቀ የሚታወቀው እንዲያ ነው። የመርዛማነት ፈተና ከፈለጋችሁ አይሶ 10993 ክፍል 5 የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ዕቃ መስፈርት ሕያው ሴሉ ከ70 ከመቶ በታች ከወረደ ቁሱ መርዛማ ሊሆን ይችላል ይላል። ያ ውጤት ከመጣ ወደ ሶዳው እጥበት ተመለሱ።

በየመለኪያ ቀኑ ከለካችሁ በኋላ የዚያን ቀን ናሙና በፎርማሊን አጽኑ፣ ቁረጡ፣ ኒውክሊየሱን በዳፒ ቀለም አብሩና በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የተቆረጠውን ፊት እዩ። በ1ኛው ቀን መሃሉ ላይ ሴል ከሌለ አዘራራችሁን ቀይሩ። ግማሹን በአንድ ፊት ዘርታችሁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ገልብጣችሁ ሌላውን ግማሽ በሌላው ፊት ዝሩ። በ1ኛው ቀን መሃሉ ላይ ኖረው በ7ኛው ከጠፉ ግን፣ ቶሉዲን ብሉው እስከ መሃል ሰማያዊ ከነበረ፣ ገጹን አትንኩት። ኦክስጅን በታጨቀ ሴል ውስጥ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከላይ ያሉት ሲበዙ መሃል ያሉት ይታፈናሉ። ቀጣዩን ስካፎልድ በ1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አትሙት፤ ወይም ሚዲያውን በፓምፕ በቀዳዳዎቹ ውስጥ አሳልፉት።